ሐያትን «አንብቢ» አትበሏት

ልጅ ያላችሁ አንባቢዎቼ፣ ይህን ወግ ከመጀመራችሁ በፊት ልጃችሁ አጠገባችሁ ካለ ወጣ ብሎ እንዲጫወት ላኩት። ከዚህ በታች የማወራችሁ አንድ አባት ልጄን አበረታታለሁ ብሎ የከተማውን ሰው ሁሉ እንዴት እንዳስነሳባት ነው። ልጆች ይህን ከሰሙ አባት በሚባል ፍጥረት ላይ ያላቸው እምነት ይቀንሳል። አባትየው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከሚሴ ውስጥ፣ የደሴው መንገድ ዳር፣ ሚስማርና ጓጉንቸር፣ ቀለምና የውሃ ጎማ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ አለችኝ። ሚስቴ ሰዓዳ ትባላለች። ልጃችን ሐያት ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። ስለ እኔ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትዕግሥት የለኝም። ቀለም ቀብቼ እስኪደርቅ መጠበቅ ስለማልችል የሱቄ በር ላይ እስከ ዛሬ የአምስቱም ጣቶቼ አሻራ አለ። ሰዓዳ ለጎረቤቶቻችን ስታማኝ፣ «ሩዝ ሲጣድ እንኳ ክዳኑን እየከፈተ ‹ደረስክ ወይ?› ይለዋል» ትላለች። ውሸቷን አይደለም።

ሐያት አንደኛ ክፍል እያለች የማታነበው ነገር አልነበረም። ክፍል ውስጥ የሚማሩት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ለብቻው ይሰጣቸዋል። እሷ ግን ሁለቱንም ፊደል እኩል እያሳደደች የባጃጅ ጀርባ፣ የቀለም ጣሳ፣ የሳሙና መጠቅለያ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር። ለቅሶ ቤት ይዣት ሄጄ የድንኳኑ ሸራ ላይ የተጻፈውን ጮክ ብላ አንብባ በሐዘንተኛው ፊት በላብ አጥምቃኛለች። በሆዴ ግን ኮርቼ ነበር።

ሁለተኛ ክፍል ገብታ ብዙም ሳትቆይ ይህ ሁሉ ቀጥ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ተነስታ እንድታነብ ትጠራለች። ምንባቡ ላይ በሬው ሣር ይበላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ ልጁ ወተት ይጠጣል። ሐያት ስትቸኩል (መቸኮሉን ከማን እንደወረሰች አትጠይቁኝ) አንድ መስመር ዘለለችና በሬው ወተቱን ጠጣው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ ባገኟት ቁጥር «በሬሽ ወተቱን ጨረሰው?» ይሏታል። እሷም አፏን ዘጋች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ አስተማሪዋ መምህርት ለይላ ናት። ሱቅ ድረስ መጥታ ቆማ ነው የነገረችኝ።

«ሐያት ታውቃለች» አለችኝ። «እጇን ግን አታወጣም። ስጠራት መሬት መሬት ታያለች። በዚህ ዕድሜዋ ፈርታ ከቀረች ትምህርቱንም እየጠላችው ነው የምትሄደው። እባክዎን ቤት ውስጥ አይዞሽ በሏት። ግን ቀስ ብላችሁ።»

«ቀስ ብላችሁ» የምትለዋ በቀኝ ጆሮዬ ገብታ በግራ ወጣች።

የዚያን ዕለት ራት ላይ ሐያት እንጀራዋን እየቆነጠረች፣ «አባ፣ ትምህርቱን ትቼ ካንተ ጋር ሚስማር ልሽጥ?» አለችኝ። እንደ ቀልድ አልተናገረችውም። ሰዓዳ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ልጄ በሰባት ዓመቷ «እኔ አልችልም» ብላ ቁጭ ልትል ነው።

በማግሥቱ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት ብስኩት ነው። አንድ ገጽ ስታነብልኝ አንድ ብስኩት እሰጣታለሁ። ለጥቂት ቀን ጥሩ ሄደ። ከዚያ ገጹ ረጅም ነው ብላ በመስመር ይሁንልኝ አለች፤ ተስማማሁ። ቀጥላ በቃል ይሁንልኝ አለች፤ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። በመጨረሻም አንድ ከሰዓት መጽሐፉን ዘግታ ወደ ጎን ገፋችውና፣ «ዛሬ አልራበኝም» አለችኝ። ንባቡን ከሆዷ ጋር አገናኝቼው ኖሯል፤ ሆዷ ሲጠግብ ንባቡም አብሮ ጠገበ።

ሁለተኛውን መላ ያገኘሁት ከስልኬ ነው። ክራቫት ያሰረ አንድ ሰውዬ፣ «ልጅዎን ያድንቁ! ‹ተሳሳትክ› የሚለውን ቃል ከቤትዎ ያባርሩ!» ሲል ሰማሁት። ወዲያው አባረርኩት። ቤታችን ውስጥ ማንም ማንንም «ተሳሳትክ» እንዳይል አወጅኩ። ሰዓዳ በሽቃለች፤ በዚያው ምሽት ወጡ ውስጥ ጨው እጥፍ አድርጋ ጨመረችበት። «ጨው አልበዛም?» ልል አፌን ስከፍት ሐያት ጣቷን ቀስራ፣ «አባ! አይባልም!» አለችኝ። ያንን ወጥ «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» እያልኩ ጨረስኩት። የጠጣሁትን ውሃ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሐያት ስታነብ ደግሞ አጨበጭባለሁ። መስመር በጨረሰች ቁጥር አጨበጭባለሁ፤ ገጽ ስትገልጥም አጨበጭባለሁ። አንድ ቀን መጽሐፏን ይዛ ከፊቴ ተቀመጠችና ድምጿን ሳትለውጥ፣ «በሬው ባጃጅ ነዳ። በሬው ለባጃጁ ነዳጅ ቀዳ» ብላ አነበበችልኝ።

«ማሻአላህ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ብዬ አጨበጨብኩ።

መጽሐፉን ቀስ ብላ ዘጋችው። «አባ፣ እንደዚህ አይልም እኮ። አውቄ ነው» አለችኝ። «ልክ ሳነብም ታጨበጭባለህ፣ ስሳሳትም ታጨበጭባለህ። ታዲያ ልክ መሆኔን በምን አውቃለሁ?»

ክራቫት ያሰረው ሰውዬ እዚህ ላይ ምን እንደሚባል አልተናገረም። ሰዓዳ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ እናንተንም እዚህ ባላስቆየኋችሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን አንዱ አልሆን ሲለው ወደሚበልጠው ነው የሚሮጠው። እኔም ሐያትን ወደ ዱዓ ቤት ወሰድኳት። እሷን ራሷን አይደለም፤ ጉዳይዋን ነው የወሰድኩት።

እኛ ዘንድ ሰው ሐጃ ሲኖረው፣ ልቡን የያዘ ጉዳይ ማለቴ ነው፣ ሐሙስ ከሰዓት ሸህ ዑመር ቤት ይዞት ይሄዳል። ጉዳዩን በሰው ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሸሁ ይመርቁለታል፣ ቤት ሙሉ ሰው «አሚን» ይልለታል። አሚን ያለ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደለም፤ የጉዳዩ ባለቤት ነው። የአንዱ ላም ታማ ዱዓ ከተደረገላት፣ ላሟ ተነስታ እስክትግጥ ድረስ አሚን ያለው ሁሉ በሩ ላይ እየቆመ «እንዴት አደረች?» ይላል። ደግ ልማድ ነው። ላም ግን አታፍርም።

ያን ዕለት ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የቀረበው ሐጃ ሁሉ ከባድ ከባድ ነበር። አንዷ እናት ልጇ አረብ አገር ሄዳ ድምጿ ጠፍቶባታል። አንዱ ገበሬ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ይዞበት ሄዷል። ቤቱ በእንባና በአሚን ተሞልቷል። እኔ ተነስቼ «ልጄ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ፈራች» ልበል? አፈርኩ። ጉዳዬ በሰው መሀል ቀለለብኝ። ስለዚህ ትንሽ አከበድኩት።

«ሸሆቼ፣ ጀመዓው» አልኩ እጄን ዘርግቼ፣ «ልጄ ሐያት ፊደል ጠፋባት! ታውቀው የነበረውን ሁሉ ረሳችው! አንድ ፊደል እንኳ አትለይም!»

ቤቱ «ሱብሃነላህ!» አለ። አንዲት ሴት ደረቷን መታች። ሸህ ዑመር ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ምርቃት መረቁ፤ አላህ ፊደሏን እንዲመልስላት፣ ልቧን እንዲከፍትላት፣ አሊም፣ ታላቅ አዋቂ እንዲያደርጋት። «አሚን!» የሚለው ድምፅ ጣራውን አነቃነቀው። እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። የጨመርኳት ማጋነን ምን ታመጣለች ብዬ ነው?

አርብ ጠዋት ሐያት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ የሠፈራችን ባጃጅ ነጂ ጀማል አጠገቧ ገጭ አድርጎ ቆመ። ጀማል አሚን ካሉት አንዱ ነበር። ባጃጁን ወደ ኋላ አዞረና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እያሳየ፣ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ አከም ጅርታ? እንዴት ነሽ? ሚ ዱብሲ! እስቲ ይቺን አንብቢ፣ ዱዓው ሠርቶ እንደሆነ እንይ!» አላት። ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን አውጥተው ጠበቁ። ሐያት ሮጠች።

ከሰዓት አትክልት የምትሸጠው ዘሃራ ጋ ቲማቲም እንድትገዛ ተላከች። ዘሃራ ቲማቲሙን የጠቀለለችበትን አሮጌ ጋዜጣ መልሳ ፈትታ፣ «ነዪ የኔ እናት፣ አብሽሪ፣ ይቺን ፊደል ብቻ ንገሪኝ። ዱዓ አርገንልሻል እኮ» አለቻት። በዙሪያው ያሉ ሴቶች ሚዛናቸውን አስቀምጠው ተሰበሰቡ። ሐያት ያለ ቲማቲም ተመለሰች። ዘሃራም ከኋላዋ ቲማቲሙን ይዛ መጥታ ሰዓዳን፣ «ምስኪን፣ ገና አልተመለሰላትም» ብላ አጽናናቻት።

ቅዳሜ የሰዓዳ ወንድም ሰዒድ ከጨፋ ሮቢት ደወለ። ሐሙስ ዕለት ከሚሴ መጥቶ ዱዓ ቤት ነበርና ወሬውን ከጤፉ ጋር አብሮ ገበያ አውጥቶታል። «አብሽሩ፣ እዚህም ዱዓ እያስደረግን ነው» አለን። አንድ ሽማግሌ ልጅቷን ምንጭ ውሃ ላይ ጂን ሳያስፈራት አይቀርም እንዳሉ፣ ሌላው ደግሞ ፊቷን በጥቁር አዝሙድ እንድናጥናት እንደመከሩ በዝርዝር ነገረን። ሰዓዳ ስልኩን ዘጋችና አየችኝ። ያቺ አስተያየቷ ከዚያ ጨው ከበዛበት ወጥ የባሰች ነበረች።

ሰኞ ደግሞ ባቲ ገበያ ላይ ፍየል የሚነግድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ልጅህ እንዴት ናት? ፊደሏ ተገኘ?» አለኝ።

«አንተ ማን ነገረህ?»

«ምን ማን ነገረህ ትላለህ፣ ግመል ይዞ ከቆላ የወጣ አንድ አፋር ነው የጠየቀኝ። ‹ፊደል ጠፋባት የተባለችው የከሚሴዋ ልጅ ነገር እንዴት ሆነ?› አለኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ራሴን ያዝኩ። የልጄ ፊደል ጠፋ መባሉ ቁልቁለቱን ወርዶ በረሃ ገብቷል። እኔ የሱቄን ስም ከቀበሌያችን ውጪ ማሳወቅ አቅቶኝ ስንት ዓመት ደክሜያለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰዓዳ እየሮጠች ሱቅ መጣች። ሐያት ትምህርት ቤት አልደረሰችም። መምህርት ለይላ ደውላ፣ «ዛሬ ቀረች፤ አሟት ነው?» ብላታለች። ወደ አስፋልቱ ልሮጥ ስል ከሱቁ ጓዳ፣ ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ፣ ማስነጠስ ሰማሁ።

ሐያት ቦርሳዋን እንዳዘለች ሁለት ትልልቅ ጣሳ መሀል ተቀምጣለች። በጓሮው በር ገብታ ነው። ሰዓዳ ልትቆጣ ጀመረችና ፊቷን ስታይ ተወችው። እኔ አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?»

«ሰው ሁሉ ያየኛል።»

«ቢያይሽ ምን አለበት?»

«ፊደል አታውቅም ብለሃቸዋል» አለችኝ። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ጀማል ነገረኝ። ልጆቹ እንኳ በሬው ወተት ጠጣ ብቻ ነው ያሉኝ። አንተ ግን ሁሉንም ረሳች አልክ። እኔ እኮ አልረሳሁም አባ። አሁን ግን ሰው ሁሉ እንደማልችል ያውቃል።»

ምን ልበላችሁ? ሱቄ ውስጥ ስንት ዓይነት ማጣበቂያ እሸጣለሁ፤ ለዚህ የሚሆን አንድም አልነበረም። ክፍል ሙሉ ልጅ የሳቀባት አንድ ቀን ነው። እኔ ግን የሚወዳትን ሰው ሁሉ ሰብስቤ፣ እጅ አስዘርግቼ፣ አትችልም ብዬ አስመሰከርኩባት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኀፍረት እንዲህ ነበር ብዬ ልነግራችሁ አልችልም።

ትዕግሥት የለኝም ብያችኋለሁ። ወዲያው ተነስቼ ወደ ሸህ ዑመር ቤት ከነፍኩ። ሸሁ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«ሸሆቼ፣ አፉ በሉኝ፣ ያ ዱዓ ይመለስልኝ» አልኳቸው።

«የትኛው ዱዓ?»

«የልጄ። አሚኑም ጭምር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዱዓ ያንተ ሚስማር ነው እንዴ፣ አልገጠመኝም ተብሎ የሚመለስ?»

ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ ያከበድኳትን ጭምር። ተቆጡኝ። ቁጣቸው ግን አጭር ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ሐጃው የማን ነበር?» አሉኝ።

«የኔ… ማለቴ የሐያት።»

«የሐያት ከሆነ ባለጉዳይዋ መቼ ቀረበች? አንተ እኮ ፍርሃትህን ነው ይዘህ የመጣኸው። ልጅቷ ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት። መምጣት ከፈለገች ሐሙስ ትምጣ። ካልፈለገች ተዋት፤ አትጎትታት።»

ቤት ሄጄ የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። በሕይወቴ ሳልጨምር የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

«ልጅም ሐጃ ያቀርባል?» አለችኝ።

«ሸሁ ያቀርባል ብለዋል።»

«ማንም አንብቢ አይለኝም?»

«ማንም።»

ሐሙስ ከሰዓት ሰዓዳ ለረመዳን የደበቀችውን ተምር አወጣችላት። ባዶ እጅ ወደ ዱዓ ቤት አይኬድም። እኔ ያንን ተምር አንዴ ለመቅመስ ስንት ጊዜ ለምኛለሁ፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ሐያት ተምሩን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ በእናቷና በእኔ መሀል ሆና ገባች። ቤቱ ጢም ብሏል። ጀማል ባጃጁን አቁሞ መጥቷል። ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋለች። ሰዒድ ከጨፋ ሮቢት ሰው አስከትሎ መጥቷል። ሁሉም እሷን ሲያይ ጸጥ አለ።

ሸህ ዑመር አጠገባቸው አስቀመጧት። ተምሩን ተቀብለው፣ «ገለቶሚ ኢንተሎ» ብለው አመሰገኗት። «በይ ሐጃሽን ተናገሪ። ያልተሰማ ሐጃ አሚን አይባልበትም፣ ጮክ በይ። ጀባዱ፣ በርቺ።»

ሐያት አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ደግማ ከፈተች። መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ይህቺን አስተያየት አስተማሪዋ ነግራኛለች፤ እንዲህ ካየች በኋላ ነው ዝም የምትለው። አልቻልኩም።

«ልጄ ለማለት የፈለገችው…» ብዬ ስጀምር ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ፣ «ዝም በል!» አለኝ። ጀማልማ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ይህን ስታይ ሐያት ፈገግ አለች። እኔ ስገሠጽ እንደማየት ደስ የሚላት ነገር የለም። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ሐጃዬ» አለች። ድምጿ መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ቀጥሎ ጎላ። «ሐጃዬ፣ ፊደል አልጠፋብኝም። አባቴ ነው የጨመረው። እኔ የፈራሁት ሲስቁብኝ ነው። አንብቢ፣ አንብቢ አትበሉኝ። ስሳሳት አትሳቁብኝ። አታጨብጭቡልኝም። ራሴ ተመልሼ አየዋለሁ።» ከዚያም እኔን በጣቷ እያሳየች፣ «ለአባቴ ደግሞ አላህ ሰብር ይስጠው፤ ትዕግሥት የለውም እኮ» አለች።

መጀመሪያ የሳቁት ሸህ ዑመር ናቸው። ቤቱ ተከተላቸው፤ የሳቁት ግን በእኔ ነው፤ እሷም አብራ ሳቀች። ቀጥለው ሸሁ እጃቸውን ዘረጉና ያለችውን በሙሉ፣ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ መረቁላት። «አሚን!» ተባለ። «ለአባትየው ሰብር» ላይ ሲደርሱማ ከሁሉ የጎላው አሚን የመጣው ከሰዓዳ በኩል ነበር። በመጨረሻም ሸሁ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «እንግዲህ አሚን ብላችኋል። ይህቺን ልጅ አንብቢ ያለ ሰው አሚኑን በላ ማለት ነው» አሉ።

እኔም ብያለሁ። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ሰው እያየኝ፣ አሚን ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሚሴ ላይ የሆነውን ብታዩ። ጀማል ሐያትን ከሩቅ ሲያይ ወርዶ የባጃጁን ጀርባ በልብስ ይሸፍናል። ዘሃራ ጋዜጣውን ትታ ቲማቲም በፌስታል መስጠት ጀመረች። የባቲው ወዳጄ ሲደውል ስለ ፍየል ብቻ ያወራል፤ ስለ ልጄ ለመጠየቅ ምላሱ እንደበላው ግን ትንፋሹ ላይ ይታወቃል።

የእኔን መከራ ግን ማን ያውቃል? ሐያት አሁን መጽሐፏን ይዛ መኝታ ክፍል ትገባለች። ከመጋረጃው ጀርባ ድምጿ ይሰማኛል፤ ትጀምራለች፣ ትሳሳታለች፣ ታቆማለች። እኔ መዶሻ ይዤ ያልላላ ማጠፊያ አጠብቃለሁ። አንድ ቀን አንዱን መስመር ስትዘል ሰማሁና ሳላስበው ሳልኩ።

«አባ» አለችኝ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «አሚን ብለሃል።»

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋንም ቢሆን።»

ሰዓዳ መጥታ እጄን ይዛ ወደ ውጭ አወጣችኝ። ደጅ ቆሜ ጨረቃ አየሁ። ሰብሩ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ትናንት ከሰዓት መምህርት ለይላ ጓጉንቸር ልትገዛ ሱቅ መጣች። ምንም ነገር ላለመጠየቅ ምላሴን ነክሼ ጓጉንቸር አወርድላት ጀመር። እሷ ግን የመጣችበትን ጓጉንቸር ረስታ ትስቃለች።

«ዛሬ ሐያት እጇን አወጣች» አለችኝ።

መሰላሉ ላይ ነበርኩ፤ ያዝኩት። «እና?»

«ተሳሳተች።»

መምህርት ለይላ ቀጠለች፤ «ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ ‹ቆዩ፣ ተመልሼ ልየው› አለቻቸው። ቆዩላትም። አየችውና እንደገና እጇን አወጣች።»

«ሁለተኛውስ?»

«እሱንም ተሳሳተች» አለች፤ «ግን ተጠግታ ነበር። ያም ሆኖ ያወጣቻትን እጅ አላወረደችም።»

ከመሰላሉ ወርጄ የሰጠኋት ጓጉንቸር ቁልፉ የሌላ ነበር፤ ዛሬ መልሳዋለች። ልጄ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች! ይህን ያህል የሚያስደስት ነገር ሰምቼ አላውቅም። ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ ሰው ይዤ ልጮህ ነው። ጀማል ፊቴን አይቶ ባጃጁን አቆመ፤ «ማል ተኤ? ምን ተገኘ?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። አሚኑ ትዝ አለኝ። እሱ ከሰማ ዘሃራ ትሰማለች፤ ዘሃራ ከሰማች ጨፋ ሮቢት ይደርሳል፤ ነገ ጠዋት ሠፈሩ በሙሉ «ጎበዝ!» እያለ መንገድ ላይ ይጠብቃታል።

«ምንም» አልኩት። «እንዲሁ አየሩ ደስ ብሎኝ ነው።»

ራት ላይ ሐያት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ትበላለች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። «ሐያትዬ፣ ትምህርት ቤት…» ብዬ ጀመርኩ። እጇ ወደ አፏ ሲሄድ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፤ ሰዓዳም ቀና አለች። «…ትምህርት ቤት ለመሄድ ጫማሽ ይጠብሻል?» አልኩ።

«አይጠበኝም» አለችና መብላቷን ቀጠለች።

አንባቢዎቼ፣ ለእናንተ የነገርኳችሁ ለዚህ ነው። እናንተ ሐሙስ ዕለት እዚያ ቤት አልነበራችሁም፤ አሚን አላላችሁም። ለአንድ ሰው ካልነገርኩ ደግሞ እፈነዳ ነበር። ወደ ደሴ ስታልፉ ከሚሴ ላይ ወርዳችሁ፣ ምናልባት ሱቄ በር ላይ ካገኛችኋት፣ ስለ ፍየል አጫውቷት፤ ፍየል ትወዳለች። አንብቢ ግን አትበሏት። እሷ በራሷ ከጀመረች ዝም ብላችሁ ስሟት፤ ከተሳሳተችም ትመለስበታለች።